ጸጥ ያለ መንደር፣ ቁልፉስ ማን ዘንድ ነው?



ማታ ልጆች ተኝተው፣ ዕቃው ታጥቦ፣ ቤቱ ዝም ሲል ስልካችሁን ይዛችሁ ጋደም ትላላችሁ አይደል? እኔም እንደዚያው ነኝ። አዲስ አበባ ሳለሁ በዚያች ሰዓት የማየው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ነበር። ነጫጭ ቤቶች ኮረብታ ላይ ተደርድረዋል፣ ከሥራቸው የሜዲትራኒያን ባሕር ተዘርግቷል። አንዲት ሴት በጠባብ የድንጋይ መንገድ ላይ ዘንቢል አንጠልጥላ ትሄዳለች። "ከተማውንና ሥራዬን ትቼ እዚህ መንደር ገባሁ፤ አሁን ገና መኖር ጀመርኩ" ትላለች። እኔ ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት ከጀሞ ቦሌ ለመድረስ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስለ እሷ የወይራ ዛፍ አስባለሁ።

ሙያዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ሰው ምን እየተሸጠለት እንደሆነ ማወቅ ልማዴ ነው። የዚህ ሕልም ትልቁ ሻጭም የእኔው ሙያ ሰው ነበር። ፒተር ሜይል የሚባል እንግሊዛዊ የማስታወቂያ ባለሙያ ሥራውን ትቶ በደቡብ ፈረንሳይ፣ ፕሮቫንስ ውስጥ ሜኔርብ የምትባል መንደር ገባ። እ.ኤ.አ. በ1989 "በፕሮቫንስ አንድ ዓመት" የተሰኘ መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉ በዓለም ዙሪያ ተነበበ። አንባቢዎቹም ቤቱን ፍለጋ መጡ። በሩ ላይ የሚቆመው እንግዳ ሲበዛበት ሰውየው ቤቱን ሸጦ አሜሪካ ገባ። ከዓመታት በኋላ ወደ ፕሮቫንስ ሲመለስ የሰፈረው ሌላ መንደር ነው። ጸጥታውን በደንብ አስተዋወቀውና ለራሱ አጣው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ገበያው ሰፍቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳምቡካ የምትባል የሲሲሊ ከተማ አሮጌ ቤቶቿን ከ1 ዩሮ በሚጀምር ጨረታ ስታቀርብ ወሬው ዓለምን አዳርሷል። ቅድመ ሁኔታው ገዢው ቤቱን በ3 ዓመት ውስጥ እንዲያድስ ነበር። እኔም ስሰማ ልቤ ዘለለ። ቤቱ ለምን ረከሰ ብዬ የጠየቅሁት ቆይቼ ነው። መልሱ ቀላል ነው፤ ባለቤቶቹ የሉም። የደቡብ ጣሊያን ወጣት ለትውልዶች ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጀርመን፣ ወደ አሜሪካ ሲወጣ ኖሯል። እኛ በስልካችን የምንመኘው ጸጥታ ልጆቹ የሄዱበት ሰፈር ጸጥታ ነው።

ይህን ሁሉ የማወራችሁ እኔም ያለፈውን አንድ ዓመት ከመንፈቅ በአንድ ጸጥ ያለ ቦታ እንግዳ ሆኜ ስለኖርኩ ነው። ባሕር የለውም። የምሠራበት ድርጅት ጥራጥሬ ወደ ውጭ ይልካል። "ማሾ የሚሰበሰብበት ቦታ ሰው እንፈልጋለን" ሲሉ እጄን አወጣሁ። የተመደብኩት ከሚሴ፣ ጨፋ ሸለቆ ነው። ባለቤቴ በሥራው ምክንያት አዲስ አበባ ቀረ፤ እኔ የአራት ዓመት ልጃችንን ይዤ ተነሣሁ።

መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ያስፈልጋል፤ ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ሲና ሲወረድ ጋቢው ይወልቃል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ መስኮቱ ይከፈታል። ከአጣዬ በኋላ ሸለቆው እየሰፋ ይመጣል። ጨፌ ማለት በኦሮምኛም በአማርኛም ለምለም፣ ውኃ ያዘለ መስክ ነው። ቦርከና ወንዝ እየተጠማዘዘ ያጠጣዋል። በበጋ ዙሪያው ሲደርቅ ጨፋ አረንጓዴ ሆኖ ስለሚቆይ የአፋር አርብቶ አደሮች ግመሎቻቸውንና ከብቶቻቸውን ይዘው ይመጡበታል። የማሽላ ማሳ ላይ ልጆች ማማ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ። ልጄ ይህን ስታይ "እማዬ፣ እዚህ ልጆች ፎቅ ላይ ነው የሚሠሩት?" አለችኝ።

በመጀመሪያው ሳምንት እንደ ቪዲዮዋ ሴትዮ ፎቶ አነሣሁ። የከሚሴ ጠዋት በእርግጥም ፎቶ ያምርበታል። የሱብሂ አዛን ቀስቅሶሽ ስትወጪ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ማንጎና ፓፓያ የጫኑ ጋሪዎች፣ ከባጃጅ ጋር መንገድ የሚጋሩ ግመሎች ታያለሽ። ቀኖች እንኳ እዚህ በገበያ ነው የሚታወቁት። እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ነው። ሮቢ በኦሮምኛ ረቡዕ፣ ከሚሳ ደግሞ ሐሙስ መሆኑን ስማር የጨፋ ሮቢትና የከሚሴ ስም ካሌንደር ሆኖ ታየኝ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን ፎቶው አለቀና ኑሮው መጣ። መብራት ይጠፋል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ያደክማል። የትንኝ አጎበር ሳይኖር አይታደርም። ስልክ ለመደወል ኔትወርክ ፍለጋ ግቢ ውስጥ መዞር አለ። ከሁሉ የባሰው እኔ ቸኩዬ መሄዴ ነበር። አዲስ አበባ ሰላምታ በአንገት ንቅናቄ ያልቃል። እዚህ እንዴት አደርሽ፣ ልጅቱ እንዴት ናት፣ አባቷስ ደወለ፣ ሙቀቱን ለመድሽው ተብሎ ሳይጠየቅ ማለፍ የለም። አንድ ቀን የጎረቤት አባት "ልጄ፣ እሳት የተነሣ ቤት አለ እንዴ?" ብለው አስቆሙኝ። ስቄ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ ከቤት የምወጣው አሥር ደቂቃ አስቀድሜ ነው።

የገባሁበት ግቢ ባለቤት አንዲት እናት ናቸው፤ "እማማ" ነው የምላቸው። በደረስኩ ዕለት ዕቃዬ ሳይወርድ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። አቦል ላይ ስሜን፣ ቶና ላይ የባሌን ስም፣ በረካ ላይ ለምን ብቻዬን እንደመጣሁ ጠየቁኝ። በመጨረሻም መረቁኝና "አብሽሪ የኔ ዓለም፣ ሰው አለሽ" አሉኝ። ልጄን ሥራ ስውል የሚይዙልኝ እሳቸው ናቸው። ልጅቱ በሁለት ወር ውስጥ ውኃ ሲጠማት "ቢሻን" ማለት ጀመረች፤ ጠዋት ስትነሣ "አካም ቡልቴ" ብላ ታስቀኛለች። በዒድ ቀን እማማ ዶሮ ከነነፍሷ ላኩልኝ፤ "በእናንተ ወግ አሳርደሽ ብዪ" ብለው። በፋሲካ እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ወሎ በሃይማኖት የተቀላቀለ ቤት የለመደ አገር ነው፤ ሥጋው ይለያይ እንጂ ማዕዱ አይለያይም።

አንድ ነገር ግን ቆይቶ ነው የገባኝ። ለወዳጆቼ ስደውል "ጸጥታው ግሩም ነው!" እላለሁ። የከሚሴ ሰውም ስለ ጸጥታ ዘወትር ይጠይቃል፤ "የመንገዱ ጸጥታ እንዴት ነው?" እያለ። እኔ ጩኸት የሌለበትን ስል እነሱ ተኩስ የሌለበትን ነው የሚሉት። ሸለቆው ባለፉት ዓመታት ብዙ አይቷል። የጎረቤት ከተማ ሲቃጠል አይቷል፤ በ2014 መጀመሪያ ወራት ደግሞ ጦርነቱ ከሚሴ ድረስ ደርሶ ነበር። አሁንም መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። እኔ በዝምታው የምደሰትበት ሌሊት እማማ ዝምታውን ያዳምጡታል። ቋንቋችን ለሁለቱም አንድ ቃል መስጠቱ ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ።

እማማ ሁለት ሴቶች ልጆች አሏቸው። ትልቋ የእኔ እኩያ ናት፤ ገበያው ዳር ትንሽ የልብስ ሱቅ አላት። አንድ ቅዳሜ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ያቺን የለመድኳትን ቪዲዮ አሳየኋት። "እንዲህ ያለ ቦታ አንድ ዓመት ብኖር ምን ነበረበት!" አልኩ። ስልኩን ተቀብላ ዝም ብላ አየች። "ይህ ወይራ ለዘይት ነው፤ ለመብላት የሚሆነው ከዚህ ይተልቃል" አለች። ከየት ታውቂዋለሽ ስላት "እንዲህ ዓይነት መንደር ውስጥ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ" አለችኝ።

በ2005 በደላላ በኩል ሊባኖስ ሄዳ ነበር። የገባችበት ቤት ቤይሩት ሳይሆን ከባትሩን በላይ ያለ የተራራ መንደር ነው። መንደሩ ያምራል አለች፤ አልዋሸችም። ከበረንዳው ላይ ሜዲትራኒያን ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ጥቅምት ላይ ከቤተሰቡ ጋር ወይራ ትለቅማለች፤ በጨው ውኃ እንዴት እንደሚዘፈዘፍ እስከ ዛሬ ታውቃለች። ያሳደገቻቸው ሁለት ሕፃናት በእሷ ክንድ ነው የተኙት፤ ስለ እነሱ ስታወራ ድምፅዋ ይለወጣል። ፓስፖርቷ ግን የደረሰች ዕለት ተወሰደ። ስሟ ለአፋቸው ከበደና ሌላ ስም ሰጧት። ቤተሰቡ ሲወጣ በሩ ከውጭ ይቆለፋል።

"ባሕሩን ስምንት ዓመት አየሁት፤ እግሬን አልነከርኩበትም" አለችኝ።

ያቺ መንደር በበጋ የአውሮፓ ሰዎች ቤት እየተከራዩ የሚያርፉባት ናት። እነሱ "ኤክስፓት" ይባላሉ፤ እሷ ደግሞ "ሠራተኛዋ"። አንድ ኮረብታ ላይ፣ አንድ ባሕር እያዩ፣ አንድ ዝምታ ውስጥ ነበሩ። ልዩነቱን ያመጣው ማን ቁልፍ እንደያዘ ነው።

ነገሩ የአንድ ቤት ክፋት ብቻ አይደለም። ሊባኖስ ውስጥ የቤት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ በአሠሪው ስም ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ "ካፋላ" ይሉታል። ቤቱን ጥላ ከወጣች ሕገወጥ ትሆናለች። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የአገሪቱ የሥራ ሕግም የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። እንዲህ ያለ አሠራር ደህና ቀን ላይ አይታይም፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ነው የሚገለጠው። የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ በ2012 ክረምት መግቢያ ላይ ብዙ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያትን ከነሻንጣቸው ቆንስላው በር ላይ ጥለው ሄዱ። ሐምሌ 28 ቀን 2012 የቤይሩት ወደብ ፈነዳ። በ2017 መጀመሪያ ጦርነቱ ሲበረታ ደግሞ አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው የሸሹ ሴቶች የቤይሩት ባሕር ዳር መንገድ ላይ አደሩ። ወደ ሜዲትራኒያን የቀረቡት በዚያን ጊዜ ነው።

የእማማ ልጅ በ2013 የብዙ ወር ደመወዝ ቀርቶባት ተመለሰች። ዓመት ሳይሞላት ጦርነቱ ከሚሴ ደረሰ። "ከዚያ ብመለስም እዚህ ጸጥታ አልጠበቀኝም። ግን እዚህ በሩ ከውስጥ ነው የሚቆለፈው" አለች። በዚያ ምሽት ሌላ አልተጨዋወትንም። ስልኬን መልሳልኝ ልጄን ተሸክማ አስተኛችልኝ።

ታናሿ አሁን 20 ዓመቷ ነው። መሄድ ትፈልጋለች። አትፍረዱባት፤ የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ግማሾቹ ዐረብ አገር ናቸው፤ በባቲ በኩል ወጥተው በጅቡቲና በየመን የሄዱም አሉ። እናቷም እህቷም አልከለከሏትም። እኔን ግን "ዲግሪ አለሽ፣ እስቲ ወረቀቱን አብረሽ እይላት" አሉኝ። ልጅቱ ወረቀቱን ሳይሆን እኔን አየችኝና "አንቺስ አገርሽን ትተሽ እዚህ የመጣሽው ለሥራ አይደል? ምን ለየን?" አለችኝ።

የማርኬቲንግ ሰው መልስ አያጣም ይባላል። እኔ ግን ጠፋኝ። ሌሊቱን ሳሰላስል አድሬ በማግሥቱ በወረቀት ላይ ጻፍኩላት። እኔ ስመጣ ውሌን በሚገባኝ ቋንቋ አንብቤ ፈርሜያለሁ፤ ቅጂው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። መታወቂያዬ በእጄ ነው። ደመወዜ በራሴ ሒሳብ ይገባል። ዓርብ ማታ መኪና ተሳፍሬ ልመለስ እችላለሁ፤ የማይመቸኝ ከሆነም "አልፈልግም" ማለት እችላለሁ። የክፍሌ ቁልፍ በእኔ እጅ ነው። "አንቺም ስትሄጂ ከነዚህ ስንቱ ይኖርሻል? ቁጠሪውና ወስኚ" አልኳት።

ከእናንተ መካከልም እህት ወይም ዘመድ ለመሄድ የምትሰናዳበት ቤት ስለሚኖር ያወቅሁትን ላካፍላችሁ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 እንደሚለው ተጓዧ 18 ዓመት የሞላት መሆን አለባት። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። የእሷ ድርሻ እንደ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና የሙያ ብቃት ምስክር ወረቀት ያሉት ናቸው። ደላላ ለቪዛና ለትኬት ብር ክፈሉ ካለ መጠርጠር ነው። የውሉ ቅጂ፣ የአሠሪው ሙሉ ስም፣ አድራሻና ስልክ እናት ቤት ይቅር። በየሳምንቱ በምን ቀንና ሰዓት እንደምትደውል ከመሄዷ በፊት ተስማሙ፤ ያ ቀን ዝም ብሎ ካለፈ ቤተሰብ ጠይቆ እንዲነሣ።

ጽሑፌን እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አልችልም።

"በሩ ከውጭ ይቆለፋል" ያለችኝ ቃል ለቀናት አልለቀቀችኝም። አዲስ አበባ ሳለን ሁለት ዓመት አብራን የኖረች አንዲት የቤት ሠራተኛ ነበረችን። ልጄን ከስድስት ወሯ ጀምሮ ያዘለቻት እሷ ናት። እኔና ባለቤቴ ጠዋት ስንወጣ የኮንዶሚኒየሙን በር ከውጭ እንቆልፍ ነበር፤ "ሌባ እንዳይገባባት" ብለን። እሳት ቢነሣስ ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም። ቁልፍ አልነበራትም። እሑድ ትረፍ ብዬ አላውቅም። ስሟ የጎረቤታችንን ልጅ ስም ስለሚመስል እኛው በሌላ ስም እንጠራት ነበር። ሰው ከየት ናት ሲለኝ "ከወሎ" እላለሁ፤ ወሎ የትኛው ጋ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። የእኔ ቤት ኮረብታ ላይ አይደለም፣ ባሕርም አይታይበትም እንጂ ሌላው አንድ ነው።

ሕጉም አይለያይም። የእኛው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን በሽፋኑ ውስጥ አላስገባም። ለሊባኖስ የምናዝነው እኛ እዚህ በየቤታችን ያለችውን ለአሠሪዋ ልብ ትተናታል ማለት ነው።

ስልኳን ከድሮ መዝገቤ ፈልጌ ደወልኩላት። ድምፄን እንደሰማች "ምን አጠፋሁ እትዬ?" አለችኝ። ሁለት ዓመት አብረን ኖረን ስደውልላት መጀመሪያ የመጣላት ይህ ነው። ምንም አላጠፋሽም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኳት። ቤተሰቦችሽ የት ናቸው ብዬ ጠየቅኋት። ሐይቅ አካባቢ ነው አለች። ወደ አዲስ አበባ ስትመጣ በከሚሴ አልፋለች፤ ሸለቆውን በሌሊት ስላለፈችው ግን አላየችውም። የምትሠራበት ቤት ቁልፍ አለሽ ወይ ስላት ሳቀች። "አሁንስ አለኝ፤ ሴትዮዋ ራሷ ናት የሰጠችኝ" አለች። ደስ አለኝ፤ ያቺን የማላውቃት ሴትዮ ግን ቀናሁባት።

ስለዚህ የዚህ ወር ምክሬ አጭር ነው። ጸጥ ያለ መንደር ብትመኙ አልስቅባችሁም፤ እኔም አሁንም እመኛለሁ። ከመመኘታችሁ በፊት ግን ዛሬ ማታ ተነሡና የራሳችሁን ቤት እዩ። አብራችሁ የምትኖረው ልጅ የበሩ ቁልፍ አላት? መታወቂያዋ በእጇ ነው? ደመወዟ በራሷ የባንክ ደብተር ይገባል? በሳምንት የራሷ የሆነ ቀን አላት? በእናቷ ያወጣችላትን ስም ነው የምትጠሯት? አንዱ እንኳ ከጎደለ ነገ ጠዋት የሚሞላ ነው፤ የቁልፍ ቅጂ ማስቀረጽ ከአንድ ኬክ ዋጋ አይበልጥም።

ታናሺቱ አልሄደችም፤ አልቀረችምም። የሙያ ሥልጠናውን ጀምራለች። የጻፍኩላትን ወረቀት እማማ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠውታል። ትልቋ ደግሞ ባለፈው ዓርብ አንድ ጠርሙስ አመጣችልኝ። ከአዲስ አበባ ያስገዛሁትን ወይራ በጨው ውኃ እንደዚያው መንደር አድርጋ ዘፍዝፋዋለች። ከማሽላ እንጀራ ጋር በላነው፤ ልጄ አልወደደችውም፤ እኔ ወደድኩት።

የክፍሌን ሁለተኛ ቁልፍ ለእማማ ሰጥቻቸዋለሁ። እሳቸውም የውጭውን በር ቁልፍ ቅጂ በክር አንጠልጥለው ለልጄ አንገት አደረጉላት፤ "የቤቱ ሰው ነሽ" ብለው።

በሚቀጥለው ወር በሰላም ያገናኘን።